ዝናቡ አንድ ነው

ከወገዳ ከተማ ተነስቼ ወደ ቆላው በእግሬ የወረድኩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። በግንቦት ሳልፍበት ድንጋይና አቧራ ብቻ የነበረው ተረተር አረንጓዴ ለብሷል፤ ግራሩ ለምልሟል፣ አደይ አበባው ፈክቷል። ቁርኣን የሞተች ምድር በዝናብ ሕያው መሆኗን ከሞት በኋላ ለመቀስቀስ ምልክት አድርጎ ደጋግሞ ያነሳል። ይህን እያሰላሰልኩ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ከብት እንዳይገባበት ከተከለለው ተዳፋት የሚወርደው ውሃ ጥቂትና የጠራ ነበር፤ አጠገቡ ካለው ከተራቆተው የሚወርደው ግን ደፍርሶ፣ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይነጉዳል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው። ሣር የጠብታውን ኃይል ያበርዳል፣ ሥር አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውም ሰርጎ የበጋ ምንጭ ይሆናል። ውድ አንባቢያን! ዝናቡ የአላህ (ሱ.ወ.) ችሮታ ነው፤ አፈሩ ግን በእጃችን ያለ አማና ነው። ስለ አማናው እንጠየቅበታለን።