«ምንጭ?» ስለ ፖርቱጋልኛ የዶክትሬት ጥናት

አንደኛ ዓመት ሳለን ለፊቸር ጽሑፍ ትምህርት ደብረ ሊባኖስ ሄደን ነበር። አብራችሁኝ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከገዳሙ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆመን ጭላዳዎቹን ስናይ አስጎብኚው «ይህ የፖርቱጋል ድልድይ ይባላል፤ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኖራውን በሰጎን እንቁላል አቡክተው የሠሩት ነው» አለን። እኔም እንዳለ ጻፍኩት። የሰጎን እንቁላሏን በጣም ስለወደድኳት መግቢያዬ አደረግኳት። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መግቢያዬ ጎን በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበት ነበር፦ «ምንጭ?»

ምንጬማ አስጎብኚው ነው አልኩ። መምህራችን ግን «እሱስ ከማን ሰማ?» አሉኝ። እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ላይብረሪ ገብቼ ስፈልግ ያገኘሁት ድልድዩን ራስ ዳርጌ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አሠሩት የሚል ነው። ያ ማለት ፖርቱጋሎቹ ከአገር ከተባረሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ስሙ ግን የእነሱ ሆኖ ቀረ። ፍለጋዬ በዚህ አላበቃም። እነዚህ ሰዎች እውነት እዚህ አገር ምን ሠሩ፣ ምን አዩ፣ ምን ጻፉ እያልኩ በሄድኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ የምደርሰው በፖርቱጋልኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከሮናልዶና ከሞሪንሆ ስም በቀር ፖርቱጋልኛ የሚባል ነገር አላውቅም።

ለክፍላችን መጽሔት ይህንን ርዕስ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ «ይሄ ደግሞ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በፖርቱጋልኛ ቋንቋና ቋንቋውን በሚናገሩ ሕዝቦች ባህል ላይ የዶክትሬት ጥናት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ የሚያጠኑት ምንድን ነው? ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰውስ ምን ይዞ ሊገባበት ይችላል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናንሳ። የቋንቋ ዶክትሬት ሲባል ቋንቋውን እስከ ጥግ መማር የሚመስለን ብዙ ነን። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቋንቋውን ማወቅ ግን ለመግባት ብቻ ነው የሚጠቅመው። ዲግሪው የሚሰጠው ማንም በደንብ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ገብቶ፣ ምንጩን በራሱ ዓይን አንብቦ፣ ያገኘውን በማስረጃ ለሚከላከል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ።

አንደኛው የዤሮኒሞ ሎቦ ነው። ሎቦ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ሲሆን በ1625 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1634 ከተባረሩት ጋር ወጣ። ያየውን በፖርቱጋልኛ ጻፈ። ጽሑፉ በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ሳለ ለ ግራን የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰውና የራሱን ሐተታዎች ጨማምሮበት በ1728 አሳተመው። ከዚያ አንድ ሥራ የሌለው እንግሊዛዊ ወጣት ፈረንሳይኛውን ይዞ፣ እያሳጠረና እየቆረጠ፣ ወደ እንግሊዝኛ አዞረው። መጽሐፉ በ1735 ወጣ፤ ለድካሙ የተከፈለው አምስት ጊኒ ነበር። ያ ወጣት በኋላ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ስሙ የገነነው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ሰነፍ ስለነበር አልጋው ላይ ተጋድሞ ሌላ ሰው እያስጻፈ ነበር አሉ የሚሠራው። (ይህችን ለዴድላይን ለምንሮጥ ሁሉ መጽናኛ ትሁን።) ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል «ራሴላስ» የተባለ ልቦለድ ጻፈ፤ እሱንም ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መለሱት።

የመንገዱን ርዝመት አስቡት። ከኢትዮጵያ የወጣ ወሬ በፖርቱጋልኛ ተጻፈ፣ ወደ ፈረንሳይኛ ተቀዳ፣ ወደ እንግሊዝኛ ተቆረጠ፣ በመጨረሻም ልቦለድ ሆኖ በአማርኛ ወደ እኛ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ሎቦ ራሱ የት ነበር? ብራጋ በምትባል የፖርቱጋል ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። የእጅ ጽሑፉ የተገኘው በ1947 ሲሆን በፖርቱጋልኛ የታተመው በ1971 ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዓለም ሎቦን ጠቅሶ የተከራከረው ሎቦን ሳያነብ ነው። ለ ግራን ምን ጨመረ? ጆንሰን ምን ጣለ? ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል ማየት ሙሉ የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የበለጠ የሚቀርብ ይመስለኛል። በ1610 ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ላይ ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ከኢትዮጵያ መጣሁ የሚል አንድ ሰው የነገረውን ተቀብሎ ነው የጻፈው። (የኔ አስጎብኚ ትዝ አለኝ።) ከጻፋቸው ነገሮች መካከል የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት ተራራ ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው መጽሐፍ የያዘ ድንቅ ቤተ መጻሕፍት አለ የሚል ይገኝበታል።

በዚያን ጊዜ ፔድሮ ፓኤዝ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በ1603 ነው የገባው፤ አማርኛና ግዕዝ ተምሯል። አለቆቹ ለኡሬታ መልስ ጻፍ አሉት። እሱም የኡሬታን መጽሐፍ እየጠቀሰ «ይህ ሐሰት ነው፣ ይህን ሄጄ አይቻለሁ፣ ይህን ሰዎቹን ጠይቄያለሁ» እያለ አንድ በአንድ አረመው። የግዕዝ ገድልና ዜና መዋዕል እየተረጎመ አስገባበት። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ እንዳየም በዚሁ መጽሐፍ ጽፏል። ፓኤዝ ስፔናዊ ነው፤ ግን ሚሲዮኑ በፖርቱጋል ንጉሥ ሥር ስለነበር የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። በ1622 ሞተ።

ታዲያ ምን ሆነ? የኡሬታ መጽሐፍ ታትሞ አውሮፓን ሲዞር የፓኤዝ ማረሚያ ማኅደር ውስጥ ተኛ። ከውስጡ የተወሰደው ነገር በሌሎች እጅ ተከልሶ በ1660 ኮይምብራ ላይ በባልታዛር ቴሌስ ስም ወጥቷል፤ የፓኤዝ የራሱ ጽሑፍ ግን ማተሚያ ቤት የገባው ቤካሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ከ1903 እስከ 1917 በአሥራ አምስት ቅጽ ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ነው። አዲስ የፖርቱጋልኛ እትም በ2008፣ እንግሊዝኛው በ2011 ወጣ። ሐሰቱ ወዲያው ታተመ፣ እርማቱ ግን ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጠበቀ። ጋዜጣ ላይ ስሕተቱ በፊት ገጽ፣ ማስተካከያው በውስጥ ገጽ ሲወጣ የምናማርረው እኛ ይህን ምን ልንለው ነው?

ፓኤዝንም ቢሆን በደፈናው ማመን አይቻልም። አገሩን ወደ ካቶሊክ ለመመለስ የመጣ ሰው ነው፤ የተዋሕዶን ሊቃውንት ሲገልጽ የተከራካሪ ዓይን አለበት። የእሱን ቃል ከግዕዙ ጋር የሚያመዛዝን ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንገባው። ሊዝበን ወይም ሳኦ ፓውሎ ያለ ተማሪ ፖርቱጋልኛው የአፍ መፍቻው ነው፤ ግዕዝና አማርኛ ለመማር ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ከኛ መካከል ደግሞ ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ በየዶርሙ አለ፤ የጎደለው ፖርቱጋልኛው ብቻ ነው። የሚገርመው የራሳችን የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል እንኳ መጀመሪያ የታተመው ሊዝበን ነው። እስተቬስ ፔሬይራ የተባለ ፖርቱጋላዊ ግዕዙን በ1892፣ የፖርቱጋልኛ ትርጉሙንና ማብራሪያውን በ1900 አወጣው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ፖርቱጋል ውስጥ ዶክትሬት እንደ ደንቡ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል፤ ፕሮፖዛል ይቀርባል፤ በርዕሱ ላይ የሚሠራ አማካሪ መገኘት አለበት። ብራዚል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ለቋንቋ ችሎታ ብራዚል ሴልፒ-ብራስ የሚባል ፈተና አላት፤ ሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካፕሌ የሚባል ማዕከል በየደረጃው ይፈትናል። የድሮ ሰነድ ለሚያጠና ግን ሌላ ጣጣ አለ። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ዛሬ የምናውቀው ፖርቱጋልኛ አይመስልም። ጸሐፊዎቹ ወረቀትና ጊዜ ለመቆጠብ ቃሉን ቆርጠው በላዩ ሰረዝ ያኖሩበታል፤ አንዱን ቃል ባንድ ገጽ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጽፉታል። ይህንን ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰነዶቹም አንድ ቦታ አይደሉም፤ ሊዝበን ቶሬ ዱ ቶምቡ የተባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ብራጋ፣ ሮም ያለው የኢየሱሳውያን መዝገብ ቤት፣ ጎዋ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን እዚህ አልገባበትም፤ ስኮላርሺፕ ሳይያዝ የሚጀመር ነገር እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

የድሮ ብራና የማይስበው ሰው ደግሞ ሌላ ሰፊ ሜዳ አለው። ከፖርቱጋል ይልቅ በብራዚል፣ በአንጎላና በሞዛምቢክ ያለው ተናጋሪ ይበዛል፤ ጠቅላላው ከ250 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔን የሳበኝ የሉዋንዲኖ ቪዬይራ ጉዳይ ነው። ፖርቱጋል ተወልዶ ሉዋንዳ ድሃ ሰፈር ያደገ ነጭ ነው፤ ከአንጎላ ነጻነት ትግል ጋር በመሰለፉ ታሰረ። «ሉዋንዳ» የተባለው የአጫጭር ልቦለድ መጽሐፉ በሰፈሩ ሰው አፍ፣ በኪምቡንዱና በፖርቱጋልኛ ቅልቅል የተጻፈ ነው። በ1965 እሱ ኬፕ ቨርዴ ታራፋል እስር ቤት ሳለ የፖርቱጋል ደራስያን ማኅበር ለዚህ መጽሐፍ ሽልማት ሰጠው። የሳላዛር መንግሥት ምን አደረገ መሰላችሁ? ማኅበሩን ዘጋው! በ2006 ደግሞ የቋንቋው ትልቁ ሽልማት የሆነው የካሞኢንስ ሽልማት ሲሰጠው አልቀበልም አለ። በ2021 ይኸው ሽልማት ለሞዛምቢኳ ፓውሊና ሺዚያኔ ተሰጠ። ሞዛምቢክ ውስጥ ልቦለድ በማሳተም የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

እነዚህን ሁሉ ባንድ የሚጠራው «ሉዞፎን» የሚለው ቃል ራሱ ያጨቃጭቃል። ቃሉ የመጣው ከሉሲታኒያ፣ ሮማውያን ለዛሬው ፖርቱጋል አካባቢ ከሰጡት ስም ነው። አንዳንዶች የድሮው ግዛት ሽታ አለው ይሉታል። የጊኒ ቢሳውና የኬፕ ቨርዴ ነጻነት መሪ አሚልካር ካብራል በበኩሉ ፖርቱጋሎችን በጠመንጃ እየተዋጋ ቋንቋቸው ግን የሚጠቅም መሣሪያ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ባለቤቱ ማነው? ገዢው ነው ወይስ የሚናገረው? እኛ በቅኝ አልተገዛንምና በሌላ ሰው ጭቅጭቅ ገባሽ የሚለኝ ይኖራል። ግን ፖርቱጋልኛ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የኅብረቱ ስብሰባ ሲኖር እዚሁ አዲስ አበባ በአስተርጓሚ ጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። የአንጎላን ወይም የሞዛምቢክን ልዑክ በቋንቋው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ጋዜጠኛ ከክፍላችን ቢወጣ ምን አለበት?

እኔ ራሴ ልገባበት ነው ወይ? እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ ዲግሪ አለ፣ ሥራ አለ፣ እናቴ አለች። ስነግራት «ፖርቱጋል? እዚያ ማን አለሽ?» ነው ያለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ጀምረናል። ከታሪክ ክፍል አንድ ዲያቆን ጓደኛ አለኝ። የፔሬይራን የሱስንዮስ ዜና መዋዕል ስካን ከኢንተርኔት አወረድንና ደብተር ለሁለት ከፈልን። በግራ እሱ ግዕዙን ይገለብጥና በአማርኛ ይነግረኛል፤ በቀኝ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ፖርቱጋልኛውን እፈታለሁ። ሲለያዩብን «ቆይ፣ አንቺ ተሳስተሽ ነው ወይስ ሰውየው?» ይለኛል። እስካሁን ሁልጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ አራት መስመር ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብን።

ድልድዩን ደግሞ አስተካክዬ እንደገና አስገባሁ። የሰጎን እንቁላሏን አላወጣኋትም፤ «እንደ አስጎብኚው አነጋገር» የሚል ጨመርኩላት።