ሳይፈጥን የሚታወክ ፈሳሽ

የደጋው አገር አቀስታ ለተልባ እንግዳ አይደለም። ፍሬው ሳይወቀጥ ውሃ ውስጥ ከዋለ ውሃው ይዝለገለጋል፤ በማንኪያ ሲያነሡት ክር እየሠራ ይወርዳል። ክር መሥራትስ ማርም ይሠራል። ልዩነቱ የተልባው ክር ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ኋላ መሰብሰቡ ነው። ማር ምንም ቢወፍር በሳቡት ቦታ ይቀራል፤ የተልባ ውሃ ግን በከፊል ወደነበረበት ይመለሳል። እንዲህ ወፍራምም ተለጣጭም የሆነ ፈሳሽ ሲሽከረከር ከውሃም ከማርም የማይጠበቅ ጠባይ ያሳያል።

ሥራው የልጋጉ ነው። ከፍሬው ቅርፊት የሚወጣው ልጋግ ከስኳር ዓይነቶች የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉበት። ፈሳሹ ዝም ሲል ይጠቀለላሉ። አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት ግን ሁለቱ ጫፎቻቸው በተለያየ ፍጥነት ስለሚጎተቱ ይዘረጋሉ። ተመልሰው ለመጠቅለል ጊዜ ይፈልጋሉ። በቀስታ ከተማሰለ ጊዜው ይበቃቸዋል፤ ፋታ ካጡ እንደተወጠሩ ይቆያሉ።

ጉዱ ያለው መዞሩ ላይ ነው። በክብ መንገድ የተወጠረ ነገር እንደ መቀነት ወደ ውስጥ ያጠብቃል። የዳቦ ቤት ማቡኪያ ማሽን አጠገብ የቆመ ሰው በዓይኑ ያየዋል፤ የስንዴው ሊጥ ወደ ጎን በመሸሽ ፈንታ በሚዞረው ብረት ላይ ተጠምጥሞ ሽቅብ ይወጣል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ብረቱ ዙሪያ ይጎደጉድ ነበር። (የጤፍ ሊጥ ግሉተን ስለሌለው እንደ ስንዴው አይለጠጥም።) ይህ ሽቅብ መውጣት እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ጉዳዩ በጻፈው በኦስትሪያዊው ካርል ቫይሰንበርግ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ሁከቱ እንምጣ። የበሽሎ ወንዝ በክረምት የሚናወጠው ብዙ ውሃ በፍጥነት ስለሚወርድበት ነው። ተመራማሪው ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በመስታወት ቱቦ ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ፈሳሽ ሲፈጥን ይታወካል፣ ሲወፍር ይረጋል። በዚህ ስሌት በዝግታ የሚዞር ወፍራም ፈሳሽ ሊታወክ አይገባም ነበር።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎቹ ላርሰን፣ ሻክፌህና ሙለር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚዞር ሁለት ሲሊንደር መካከል ያለ ፈሳሽ በመለጠጡ ብቻ ሥርዓቱን እንደሚያጣ አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ፈሳሽ ከክብ ዱካው ትንሽ ወጣ ይላል። በመንገዱ ያሉት ሞለኪውሎች የባሰ ይወጠራሉ፤ ውጥረቱ ሲጨምር ወደ ውስጥ የሚያጠብቀው ኃይል ይጨምራል፤ ያ ኃይል ደግሞ ፈሳሹን ይበልጥ ከዱካው ያስወጣዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ይህ ሰንሰለት አይጀመርም ነበር።

በጣም የሚያስገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በእስራኤሉ ቫይዝማን ተቋም ግሮይስማንና ስታይንበርግ የሠሩት ሙከራ ነው። ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ከሚሊዮን 80 እጅ ብቻ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ልጋጉ ያለ ረጅም ሞለኪውል፣ ጨመሩ፤ ከላይ አንድ ሳህን በዝግታ አዞሩበት። ፈሳሹ እንደ ጎርፍ ታወከ፣ ሳህኑን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይልም በእጅጉ ጨመረ።

ለፕላስቲክ ፋብሪካ የፈሳሽ መለጠጥ ጣጣ ነው፤ የቀለጠው ፕላስቲክ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲገፋ ላዩ ይሻክራል። ለላቦራቶሪ ግን ሲሳይ ሊሆን ይችላል። በጠባብ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን በዝግታ የሚሄዱ ሁለት ፈሳሾች በቀላሉ አይቀላቀሉም። ግሮይስማንና ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2001 ቦዩን አጠማዝዘው ጥቂት ፖሊመር ሲጨምሩበት ፈሳሾቹ ያለ ማማሰያ ተቀላቀሉ።