የማን ልጅ ነህ?

ስለ እግዚአብሔር ልጅነት ለጥናት የተዘጋጀ ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ገላትያ 3፥26 እስከ 4፥7፤ ሮሜ 8፥14-17፤ ሉቃስ 15፥11-32፤ ወደ ፊልሞና የተጻፈው መልእክት። (በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



በአገራችን እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ሽማግሌዎች ስሙን ከጠየቁት በኋላ ወዲያው «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። በጥያቄው ክፋት የለበትም። ስማችን ራሱ መልሱን ይዞ ይዞራል፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የአባታችን፥ ከእርሱም ቀጥሎ የአያታችን ስም ይጠራልና። የአባቱን ስም የተናገረ ሰው ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደሚቆምለትና ምን እንደሚወርስ ይታወቃል።

በሰው አገር ግን ይህ ጥያቄ ይከብዳል። በሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመበት ከ2005 ወዲህ፥ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ከሆነችበት ከ2011 ወዲህ፥ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደ ጁባ ወርደዋል። አንዳንዱ ሆቴል ይሠራል፥ አንዳንዱ ይነግዳል፥ አንዳንዱም በቦቴ ውሃ ያመላልሳል። በዚያች ከተማ አትላባራ በሚባለው ሰፈር ከወገኖቻችን ጋር ስለ ልጅነት ባጠናንበት ምሽት፥ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ የቦቴ ነጂ የሆነ አንድ ወጣት ወደ ኋላ ቀረ። እናቱ ብቻዋን እንዳሳደገችው፥ አባቱንም አይቶት እንደማያውቅ፥ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት በሞላ ጊዜ ሁሉ በአባቱ ስም ቦታ የእናቱን አባት ስም እንደሚጽፍ ነገረን። ቀጥሎም፥ «ቄስ፤ ወረቀቱን በሞላሁ ቁጥር የዋሸሁ ይመስለኛል። እግዚአብሔርንስ አባት ብዬ ስጠራው፥ እንደዚያው የማይገባኝን ስም እየጻፍሁ ይሆን?» አለን።

በዚያ ምሽት አጭር መልስ ሰጥተነው ተለያየን፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በልባቸው ይዘው አፍ አውጥተው የማይጠይቁ ብዙዎች እንዳሉ እናውቃለንና፥ መልሱን አስፍተን ልንጽፍ ወደድን።

ሀ. ልጅ የሚለው ቃል በሦስት መንገድ ይነገራል

በመጀመሪያ፥ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ የእግዚአብሔር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ላሉት አሕዛብ ሲናገር፥ እኛ ሰዎች ሁላችን የአምላክ ዘመዶች እንደሆንን ገልጦላቸዋል (ሐዋርያት ሥራ 17፥28-29)። ስለዚህ የሚናቅና የሚሸጥ ሰው በምድር ላይ የለም። ነገር ግን ልጁ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ከጠፋ፥ መወለዱ ብቻ ወደ ማዕድ አይመልሰውም።

ሁለተኛ፥ በባሕርዩ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ ከዘመናት በፊት ከአብ የተወለደ ነው እንጂ ልጅነትን ከማንም አልተቀበለም።

ሦስተኛ፥ በጸጋ ልጆች የተባልን እኛ ነን። ወንጌላዊው ዮሐንስ፥ ቃልን ለተቀበሉት ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች የመሆን ሥልጣን እንደ ተሰጣቸው፥ ይህም ልደት ከሥጋና ከደም እንዳልሆነ ጽፏል (ዮሐንስ 1፥12-13)። «ተሰጣቸው» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። የተሰጠ ነገር በራስ መብት የተያዘ አይደለም። ስለዚህ ያ ወንድማችን፥ ይህ ስም በራሴ አይገባኝም ማለቱ እውነት ነው፤ ለቄሱም አይገባውም፥ ለጳጳሱም አይገባውም። ከአንዱ ልጅ በቀር ይህን ስም በራሱ መብት የያዘ የለም፤ ሁላችን የተቀበልነው በስጦታ ነው።

ለ. ያልወለዱትን ልጅ ማድረግ

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለዚህ ስጦታ ሲጽፍ የመረጠው የግሪክ ቃል፥ ያልወለዱትን ልጅ ማድረግ ማለት ነው። አንባቢዎቹ ነገሩን ከመንግሥት ታሪክ ያውቁት ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ሲሞት የእኅቱን የልጅ ልጅ በኑዛዜ ልጁ አደረገው፤ ያም ወጣት የቄሣርን ስምና ርስት ወርሶ በኋላ አውግስጦስ ተባለ። ወደ ሮሜ ሰዎች መልእክቱ በተጻፈበት ዘመን የነገሠው ኔሮንም የቀላውዴዎስ የአብራክ ልጅ አልነበረም፤ በ50 ዓመተ ምሕረት በሕግ ልጁ ሆኖ በ54 በዙፋኑ ተቀመጠ።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ከኦሮሞ ወገኖቻችን ወርሰን ሁላችን እንናገረዋለን። በቀድሞ ዘመን በሰሜኑ አገር ጥበቃ የሚሻ ሰው የታላቁን ሰው ጣት በመጥባት የጡት ልጅ ይሆን ነበር። በ2000 (በእኛ አቆጣጠር በ1992) የወጣው የአገራችን የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንዲቆጠር ያዝዛል። እንግዲህ የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊውን ስም በወረቀት ሲጽፍ አይዋሽም። ስሙ የእርሱ የሆነው እርሱ ስለ ወሰደው ሳይሆን አባት የሆነው ሰው ስለ ሰጠው ነው።

ነገር ግን በቄሣር ቤትና በእግዚአብሔር ቤት መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ኔሮን ልጅ በሆነ ጊዜ የቀላውዴዎስ የአብራክ ልጅ ብሪታኒኩስ ከዙፋኑ ተገፋ፤ ኔሮን በነገሠ በጥቂት ወራትም ውስጥ ገና በልጅነቱ ሞተ። በሰው ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በእግዚአብሔር ቤት ግን አንድያው ልጅ ራሱ ሊፈልገን ወጣ፤ በደሙ ዋጅቶ ወንድሞቹ አደረገን፤ ርስቱንም ከእኛ ጋር ሊካፈል ወደደ። የልጅነታችን ማረጋገጫ የክርስቶስ መስቀል ነው።

ሐ. ከባርነት ወደ ልጅነት የመጡ አባት

ይህን ትምህርት በሕይወታቸው ካሳዩን ከአገራችን አባቶች አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለዱ፤ እናት አባት ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበረ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ እርሳቸውም ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በምፅዋ ወርነር ሙንሲንገር የተባሉ ቆንስል ነጻ አወጧቸውና በ1870 በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተሰጡ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቁ ኦኔሲሞስ ተባሉ።

ይህን ስም እናስተውል። በአዲስ ኪዳን ኦኔሲሞስ (በእኛ መጽሐፍ አናሲሞስ) የፊልሞና ባሪያ ነበረ። ከጌታው ኮብልሎ በእስር ቤት ከጳውሎስ ጋር ተገናኘ፤ ጳውሎስም በእስራቴ የወለድሁት ልጄ ነው ብሎ ጻፈለት፤ ፊልሞናም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ። ተሽጦ የነበረው የኢሉባቦር ልጅም ይህን ስም ተቀበለ።

ልጅነታቸውም ሥራ ፈት አልነበረም። በስቶክሆልም በዮሐንስሉንድ ተምረው በ1881 ከተመለሱ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ሞክረው መንገዱ ስላልቀናቸው ተመለሱ። እግራቸው ወዳልደረሰበት ቃሉ ይደርስ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ፤ አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በዚህ ሥራ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣች አስቴር ጋኖ በቋንቋ እውቀቷ አብራቸው ደከመች። በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው፥ ብዙ ተቃውሞ ታግሠው፥ በ1931 በነቀምት አረፉ። በዓለም ገበያ ዋጋ ወጥቶላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች የአባታቸውን ቃል ለሕዝባቸው አወረሱ።

መ. ባሪያ ይፈራል፥ ልጅ ይጠራል

ሐዋርያው የተቀበልነው መንፈስ ዳግመኛ ለፍርሃት የሚሰጥ የባርነት መንፈስ እንዳይደለ ያስተምረናል፤ በልጅነት መንፈስ «አባ» ብለን እንጮኻለንና (ሮሜ 8፥15)። ይህም ጌታችን በጌቴሴማኒ በጭንቀት ሰዓት የተናገረው ቃል ነው (ማርቆስ 14፥36)። አባ ማለት ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም አይሻም፤ በጁባ ገበያ አረብኛ የሚሰማ ሰውም ያውቀዋል። ሉተርም በ1529 ባሳተመው በትንሹ ካቴኪዝም ጸሎተ አባታችንን ሲተረጕም፥ የተወደዱ ልጆች የተወደደ አባታቸውን እንደሚለምኑ በመታመን እንድንለምን ያስተምራል።

ሆኖም በአባቱ ቤት እየኖረ በልቡ ባሪያ የሆነ ሰው አለ። በሉቃስ 15 የምናነበው ታላቅ ወንድም ከቤት አልወጣም፤ ነገር ግን ለአባቱ ሲናገር የአገልግሎቱን ዘመን እንደ ሎሌ ቈጠረ፥ ያልተከፈለውንም ፍየል አነሣ። ከእኛም መካከል ስንጾምና ስንዘምር፥ ስንሰጥና ስናገለግል፥ ደመወዝ እንደሚጠባበቅ ሎሌ የምንሆን አለን። ስንወድቅ ደግሞ እንባረራለን ብለን እንሸሸጋለን። ልጅ ቢበድል ይቀጣል፤ ወደ ገበያ ወጥቶ ግን አይሸጥም። የወደቅህ ወንድም ሆይ፤ ከአባትህ አትሽሽ፤ ወደ እርሱ ሽሽ።

ሠ. አባት ያለው ወንድም አለው

«አባታችን» ብለን የምንጸልይ «አባቴ» ብቻ አላልንም። እዚህ ላይ ትምህርቱ ይጠብቃል። በዲሴምበር 2013 በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሞት ጥያቄ ሆነ፤ ሰዎች በነገዳቸው እየተለዩ ተገደሉ። ገዳዩም ተገዳዩም በእሑድ «አባታችን» የሚሉ ሰዎች የነበሩበት ጊዜ አለ። እኛም በሌላው አገር ላይ ጣት ልንቀስር አንችልም፤ በአገራችን ከ2020 እስከ 2022 በተደረገው ጦርነትና በሌላውም ግጭት አንድ ጸሎት የሚጸልዩ ወንድማማቾች ደም ተፋስሰዋል።

ጥያቄው በትንሹም ነገር ይፈትነናል። ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ የአንድ አውራጃ ሰዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉን? ውሃ የምናደርስለትን የአገሩን ሰው በምን ስም እንጠራዋለን? በሆቴላችን የምታገለግለው የደቡብ ሱዳን ልጅ ደመወዟን በቀኑ ታገኛለችን? ጳውሎስ ፊልሞናን የጠየቀው የእምነት ቃል ብቻ አልነበረም፤ በቤቱ ያለውን ሰው በሌላ ዓይን እንዲያይ ነው። የአባቱን ሌላ ልጅ የሚንቅ ሰው የሚንቀው አባቱን ነው። ነገዳችን የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ አንጥለውም፤ ነገር ግን አባታችን አናደርገውም።

ረ. መደምደሚያ

በአገራችን የተወለደ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው ልጅነትን አገኙ ሲባል ሰምተን አድገናል። ነገሩ ሲደጋገም ክብሩን ረሳነው። ሕፃኑ ያደረገው አንዳች ነገር የለም፤ በእቅፍ መጣ፥ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠመቀ፥ ልጅ ተባለ። እምነት ይህን የተሰጠውን ስም ዕለት ዕለት መቀበል ነው።

ለዚያ ወንድማችን በአትላባራ የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፦ «ወንድማችን፤ በምድር ወረቀት ላይ የአያትህን ስም መጻፍህ ያሳደገህን ሰው ማክበርህ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀውን በግልጥ ተናግረህ አስተካክል፥ ኅሊናህም ይረፍ። አባት ብለህ እግዚአብሔርን ስትጠራው ግን ስሙን አንተ አልጻፍህም፤ በጥምቀትህ ቀን እርሱ ጻፈው።» ወጣቱ ጥቂት ዝም አለና፥ «እንግዲያስ ዛሬ ማታ አባታችን ሆይን ቀስ ብዬ እደግመዋለሁ» ብሎ ወደ ቦቴው ሄደ። እኛም ያን ሌሊት እንደዚያው ደገምነው።

አባት የሌላችሁ፥ አባታችሁ የገፋችሁ፥ በሰው አገር ስማችሁን የሚያውቅ የሌላችሁ ሁሉ፤ «የማን ልጅ ነህ?» ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ። በሰማይ የምትጠሩት አባት አላችሁ፤ በምድርም የምትፈልጓቸው ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁ። ለእርሱ ክብር ይሁን። አሜን።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በተፈጥሮ፥ በባሕርይና በጸጋ ልጅ መባል እንዴት ይለያያል?
2. በሉቃስ 15 ያለው ታላቅ ወንድም በቤት ሳለ ባሪያ የሆነው በምንድር ነው? እኛስ በምን እንመስለዋለን?
3. ፊልሞና አናሲሞስን እንደ ወንድም ቢቀበለው በቤቱ ምን ምን ይለወጥ ነበር?
4. በምንኖርበት ሰፈር «አባታችን» ስንል ከጸሎታችን ውጭ የምናስቀረው ማን ነው?