የተርብ ልብስ የለበሰች የእሳት እራት

መርካቶ ውስጥ ማርና ሸንኮራ ከሚሸጥበት ጥግ ስናልፍ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ነገር ፊታችን ላይ ቢያንዣብብ ማናችን ቆመን እንመረምራለን? ተርብ ይሁን ዝንብ ሳናጣራ ፈቀቅ እንላለን። አንዴ የተነደፈ ሰው ቀለሙን አይረሳም። ወፎችም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ፍርሃት ከለላ አድርገው የሚኖሩ ነፍሳት አሉ።

የእሳት እራት ሲባል ትዝ የሚለን በሌሊት አምፖል የምትዞረዋ ናት። በሳይንስ አማታ የሚባለው ወገን ግን በቀን ይበርራል። ክንፉ ጠባብና ጠቆር ያለ፣ መስኮት የመሰሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ያሉት ነው፤ ሆዱ ላይ ደማቅ ቀለበት ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት ተርብ ይመስላል፤ መንደፊያ ግን የለውም። ከዚህ ወገን አማታ አሊሺያ የምትባለው በአገራችንም ትገኛለች።

ማስመሰል እስከ ምን ድረስ ይሠራል?

እንግሊዛዊው ሄንሪ ባተስ በአማዞን ደን 11 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጥናት፣ ለወፍ የሚጥሙ ቢራቢሮዎች የማይጥሙትን በመምሰል ከመበላት እንደሚተርፉ አስረዳ። ይህ የሚሠራው ግን እውነተኛው በቂ ሆኖ ሲገኝ ነው። አስመሳዩ ከበዛ ወፏ ቀምሳ ምንም እንዳልሆነች ታያለች፤ ቀለሙንም መፍራት ትተዋለች። ያኔ ጉዳቱ ለእውነተኛውም ይተርፋል።

የመርካቶ ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። ፎርጅዱ የሚሸጠው ኦሪጅናሉ ስም ስላለው ነው። ፎርጅዱ ሲበዛ ገዢው ኦሪጅናሉንም ይጠረጥራል፤ ኪሳራው ታማኙን ነጋዴ ያገኘዋል።

ሁሉም አስመሳይ ውሸታም ነውን?

አይደለም። አማታ ካለበት ቤተሰብ ብዙዎቹ በሰውነታቸው መራራ መርዝ ስለሚይዙ ለወፍ አይጥሙም። ልብሳቸው የተርብ ቢመስልም «አትብላኝ» የሚለው መልእክታቸው እውነት ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳስረዳው፣ የማይጥሙ ሁለት ዓይነቶች አንድ ምልክት ሲጋሩ ወፏ አንዴ ተምራ ሁለቱንም ትተዋለች፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የእሳት እራቷ ልብሷን አልመረጠችም፤ ሰው ግን ይመርጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳልተደረገ ነጋዴውን ጠይቀውታል። በዕረፍት ቀን በቤተሰብ ሱቅ የምትቆሙም ሆናችሁ ነገ በሙያችሁ የምትሠሩ፣ ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው አንድ ይሁን።