በተዳፋት መሬት ላይ የጉብታ መደብ ስለ መሥራት
ለደባርቅ፥ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ ሹማምንት

የደባርቅና የዳባት መሬት ገብስን፥ ድንችንና ነጭ ሽንኩርትን የሚያበቅል መልካም መሬት ነው። ነገር ግን በስሜን ግርጌ ያለው ክፍል አብዛኛው ተዳፋት ስለ ኾነ፥ የክረምቱ ዝናም አፈሩን ጠርጎ ወደ ቈላ ያወርደዋል።

በጀርመን አገር የአትክልት ሠራተኞች ግንድና ቅርንጫፍ አጋድመው፥ በላዩም ፍግና አፈር ደፍተው ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ። እንጨቱ ሲበሰብስ እንደ እራፊ ጨርቅ ውሃ ይዞ በበጋ ለተክሉ ሥር ይሰጣል። ይህ ዘዴ በእኛ ደጋ ይጠቅማል ወይ ቢሉ፥ ለጓሮ ይጠቅማል፤ ለማሳ ግን አይኾንም።

ዋናው ስሕተት መደቡን እንደ ግድብ መቍጠር ነው። ውሃ በስተላዩ ሲጠራቀም እንጨቱ ይንሳፈፋል፤ ሲበሰብስም ውስጡ ክፍት ይኾናል። እንደዚህ ያለው መደብ በሐምሌ አንድ ሌሊት ተደርምሶ የታችኛውን ጎረቤት ዘር ይዞ ሊሄድ ይችላል። አፈሩን ማቆም የሚገባው የድንጋይ ካብ ነው፤ መደቡም ከካቡ በላይ፥ ከካቡ ፈቀቅ ብሎ በተዳፋቱ አግድም ይጋደማል። ከመደቡ በላይ ደግሞ ቦይ ይቈፈራል።

ልኩን በዓይን መገመት አይበቃም። ሁለት እኩል ዘንግ፥ 10 ሜትር ሲባጎና በመካከሉ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። ቦዩ በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ ቢበልጥ መሬቱን ይሸረሽራል፥ ቢያንስ ውሃው ይተኛል። ተዳፋቱ ከመቶ 15 እጅ የማይበልጥ ሲኾን ከካብ እስከ ካብ ያለው የቁም ከፍታ 1 ሜትር ነው፤ ስለዚህ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ መሬት ካቦቹ በየ10 ሜትሩ ይሠራሉ። ከዚያ በሚበልጥ ተዳፋት ከፍታው የአፈሩ ጥልቀት ሁለት እጅ ተኩል ይኾናል፤ አፈሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቢኾን 1 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ገበሬው በማረሻ የሚያወጣውን ፈሰስ መናቅ አይገባም፤ ውሃው በየት እንደሚያልፍ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

እንጨቱን በሚመለከት፥ በዚህ አገር ማገዶ ውድ ስለ ኾነ ኩበት እንኳ ይነዳል። ስለዚህ የተረፈው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ፥ ያውም ዓመት ያለፈው፥ ይቀበር፤ እርጥቡ ችግኝ ይጐዳል። ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስታ እንዳይቈረጥ ሹሙ ይጠንቀቅ፤ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ቈይቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሚበሰብሰው እንጨት የአፈሩን ብርታት ስለሚወስድ ባቄላ ይዘራበት። ውርጭ በሸለቆው ወለል ስለሚተኛ የድንቹ መደብ ከዚያ ከፍ ይበል።

ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ የአንዱ ተዳፋት ባለይዞታዎች ኹሉ፥ የላይኛውም የታችኛውም፥ በአንድነት ተጠርተው የቦዩ መውጫ በየት እንደሚኾን ይስማሙ። መውጫው ሣር ወይም ድንጋይ ባለበት ስፍራ እንጂ በሰው ማሳ ላይ አይለቀቅ። ካቡ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ይሠራ፤ ቦዩም በሰኔ የመጀመሪያው ዝናም በጣለ ማግሥት ይታይ።