ዲስኩ ቀጥ ሲል ምን እናድርግ?



እንደምታውቁት የኮምፒዩተር ክፍላችን ትልቁ ኮምፒዩተር አንድ ቢሆንም በውስጡ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በፕሮግራም የተፈጠረ፣ ለተጠቃሚው ግን ራሱን የቻለ መስሎ የሚታይ ኮምፒዩተር ነው። ስድስቱም የየራሳቸው ዲስክ ያላቸው ይመስላሉ እንጂ የሚጽፉትም የሚያነቡትም በአንድ ዲስክ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ዕቅድ ስንጽፍ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። አንዱ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» አለ፤ ሌላው «ቫይረስ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት! ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አንዷ ጓደኛችን ሁለት ቀን የደከመችበት ዕቅድ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ነገሩ እንደ ቦኖ ውኃ ወረፋ ነው። ጀሪካን የያዙ አምስት ሰዎች በተራቸው ሲቀዱ ችግር የለም። አንዱ በርሜል ይዞ ከመጣ ግን ቧንቧው ሳይበላሽ ሁሉም ይቆማል።

በሒሳብ እንየው። የእኛ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ይሽከረከራል። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠበቃል። አንባቢው ክንድ ቦታውን ለመያዝ 8 ሚሊሰከንድ ያህል ቢወስድ በድምሩ 12 ይሆናል። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተነ ሥራ ሲሆን ዲስኩ በሰከንድ የሚያስተናግደው 80 ያህል ጥያቄ ብቻ ነው። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል።

ታዲያ ለምን ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ይቆማል? ሊኑክስ የሚጻፈውን መጀመሪያ በራም ያጠራቅማል። ካልተለወጠ በቀር እስከ ነፃው ራም 20 በመቶ ድረስ ሊይዝ ይችላል። 30 ጊጋባይት ነፃ ቢሆን 6 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ልኩ ሲሞላ ጸሐፊዎቹ ሁሉ እንዲጠብቁ ይደረጋሉ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ እንኳ ያንን ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

ስለሆነም ሲቆም የሚከተለውን በተራ እናድርግ፦

1ኛ/ ሶኬት አንንቀል። በራም ያለው ገና አልተጻፈምና ይጠፋል።

2ኛ/ «ቶፕ» በሚባለው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩን እንይ። ዲስክ በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ ብዙ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው፤ እሱን አንውቀስ።

3ኛ/ በ«አዮስታት» አንድ ጥያቄ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠብቅ እንለካ። ለሚሽከረከር ዲስክ ከ10 እስከ 20 ደህና ነው፤ በመቶዎች ከተቆጠረ ወረፋ አለ።

4ኛ/ በ«አዮቶፕ» በርሜል የያዘውን እንፈልግ። የእኛው የአንዱ ማሽን መጠባበቂያ ቅጂ ነበር፤ ሐሙስ በ9 ሰዓት፣ ልክ በክፍለ ጊዜያችን እንዲጀምር ተደርጎ ኖሯል።

5ኛ/ የዲስኩን ባዶ ቦታና ጤንነት እንመርምር። ቦታ ካለቀ ቨርቹዋል ማሽኑ ባለበት ሊቆም ይችላል። የተበላሹ ክፍሎች እየበዙ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ።

6ኛ/ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥና እንደገና እንለካ። አለዚያ መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

እኛ የለወጥነው የቅጂውን ሰዓት ብቻ ነው፤ ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቆሞብን አያውቅም። አንድ ብር አልወጣም። የጓደኛችንን ዕቅድ ግን ሁለታችን ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው።

የመልመጃ ጥያቄ፦ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ፣ ክንዱ ያው 8 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ በሰከንድ ስንት ጥያቄ ያስተናግዳል? መልሱን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን።