ከፍርድ ቤት የመጣ ፖስታ፦ አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን የጁሪ ጥሪ ሲደርሳቸው ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል?

አሜሪካ የሚኖር ልጅ፣ እህት ወይም የአጎት ልጅ ያለን ቤተሰቦች ጥቂት አይደለንም። ከዚያ በስልክ ከሚመጡልን ጥያቄዎች አንዱ ብዙ ጊዜ በድንጋጤ ይጀምራል፤ «ከፍርድ ቤት ፖስታ መጥቶብኛል፣ ምን አጥፍቼ ይሆን?» ይላል። ፖስታው ሲነበብ ግን ክስ ሳይሆን የጁሪ ጥሪ ሆኖ ይገኛል። እኛ የሰፈር ነርሶች ነን፣ ጠበቆች አይደለንም። ሆኖም አረጋውያን ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ሲመጡ ከመድኃኒታቸው ጋር ያልተከፈቱ ደብዳቤዎችንም በፌስታል ይዘውልን ይመጣሉ። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ፖስታ ስንት እንደሚያስከፍል በዚህ ሥራችን አይተናል።

የአሜሪካ ሕግ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሁሉንም መዘርዘር ስለማይቻል ዛሬ ማሳቹሴትስን እንይዛለን። ዋና ከተማዋ ቦስተን ናት። የደመወዙ ጉዳይ እዚያ በሕግ በግልጽ ስለተቀመጠ ለመማሪያ ይመቻል። በሌላ ስቴት ያለ ዘመድ የራሱን ስቴት ሕግ ማየት አለበት።

ጁሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ጁሪ የሚባሉት ከተራው ሕዝብ መካከል በዕጣ ተመርጠው ማስረጃውን ከሰሙ በኋላ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑ ሰዎች ናቸው። በማሳቹሴትስ ለከባድ ወንጀል 12 ሰዎች፣ በወረዳ ፍርድ ቤት ደግሞ 6 ሰዎች ይቀመጣሉ። በወንጀል ጉዳይ ሁሉም በአንድ ድምፅ መስማማት አለባቸው። እዚህ እስራኤል ጁሪ የሚባል ነገር የለም፤ የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው። ወደዚያ ትንሽ የሚቀርበው የሥራ ፍርድ ቤቱ ነው፤ እዚያ ከዳኛው ጎን ከሠራተኞች ወገንና ከአሠሪዎች ወገን የመጡ የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ።

በአገር ቤት ያደጉ አባቶቻችንና እናቶቻችን አፈርሳታን ወይም አውጫጭኝን ያስታውሳሉ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውን ይናገራል፣ የቀረም ይቀጣል። ጁሪም ተጠርቶ መቅረት የሚያስቀጣ በመሆኑ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ለአፈርሳታ ሰው የሚፈለገው ነገሩን ያውቃል ተብሎ ነው። ለጁሪ የሚፈለገው ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ፣ ከሳሽንም ተከሳሽንም የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ዳኛው «ከተከራካሪዎቹ የምታውቀው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን መናገር ይገባል። «አውቃለሁ» ያለ ሰው ይሰናበታል እንጂ አይቀጣም።

ደመወዙ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በማሳቹሴትስ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የጁሪ ቀናት የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ የሚከፍለውም የሠራተኛውን መደበኛ ደመወዝ ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ስቴቱ በቀን 50 ዶላር ይከፍላል።

በቁጥር እንየው። የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2023 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። በዚህ ሒሳብ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው 120 ዶላር ያገኛል፤ በሦስት ቀን 360 ዶላር ይሆናል። ይህን ገንዘብ አሠሪው እንደ ችሮታ አይሰጠውም፣ በሕግ የተጣለበት ዕዳ ነው። ሆቴል የሚያጸዱ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ወይም አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ወገኖቻችን «ያልሠራሁበትን ቀን እንዴት ክፈለኝ እላለሁ?» ብለው ዝም የሚሉት ይህን ባለማወቅ ነው።

ሙሉ ቀን የማይሠራ ሰውም መብቱ አይቀርበትም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራም ሆነ በጊዜያዊነት የተቀጠረ፣ የጁሪ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት የሥራ ሰዓቱ በፕሮግራም ወይም በተለመደ አሠራር የሚታወቅ ከሆነ ይከፈለዋል። ለዚህ የሥራ ፕሮግራሙን ወረቀትና የደመወዝ ደረሰኞቹን ማስቀመጥ ይጠቅማል። አገልግሎቱ ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል፤ ዋናውን ይዞ ቅጂውን ለአሠሪው መስጠት ነው።

ለእኛ በቀላሉ የሚገባን በሚሉኢም ብናስበው ነው። እዚህ አገር ሠራተኛ ሚሉኢም ሲጠራ አሠሪው መክፈሉን ይቀጥላል፤ ቢቱዋህ ሌኡሚ ደግሞ ለአሠሪው ይመልስለታል። በማሳቹሴትስ ለአሠሪው የሚመልስለት የለም፣ ሦስቱን ቀን ከኪሱ ይከፍላል። አንዳንድ ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው አሠሪ ፊቱን የሚያጨማድደው ለዚህ ነው፤ ባንስማማም ይገባናል። መክፈል በእርግጥ የሚጎዳው አሠሪ ነፃ እንዲያደርገው ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለት ለእነዚያ ቀናት ስቴቱ ለሠራተኛው በቀን እስከ 50 ዶላር ይከፍላል። ይህን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። አለቃው በራሱ «አልችልም» ስላለ ዕዳው አይሰረዝም።

ለጁሪ በመሄዱ ሠራተኛን ማባረር፣ ማስፈራራት ወይም በሥራው ላይ መበደል በሕግ ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ለጁሪ ኮሚሽነሩ ቢሮ ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ሊከስ ይችላል። አለቃው በአፍ ያለውን ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ በዚያው ዕለት ጽፎ መያዝ ነው።

ታክሲ የሚነዳ ወይም የራሱ ሱቅ ያለው ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ራሱ ይችላል። ገንዘብ የሚያገኘው ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነው። ሥራ የሌለው፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ ወይም ቤት ውስጥ ልጅ የምታሳድግ እናት በሦስቱ ቀናት ለመጓጓዣና ለልጅ ጠባቂ ያወጡትን በቀን እስከ 50 ዶላር እንዲመለስላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ካልጠየቁ አይመጣም፤ ደረሰኝ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል።

50 ዶላር በቦስተን ኑሮ በቂ ነው ብለን አናምንም። በዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራ ሰው እንኳ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ 70 ዶላር ይጎድልበታል። ደግነቱ በማሳቹሴትስ አሠራሩ «አንድ ቀን ወይም አንድ ችሎት» የሚባለው ነው። በተጠራበት ቀን ያልተመረጠ ሰው በዚያው ቀን ይጨርሳል፤ የተመረጠ ደግሞ ያን አንድ ጉዳይ እስኪያልቅ ይቀመጣል። አብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ይሰናበታል። ጉዳዩ ሳምንታት የሚወስድ ከሆነ ዳኛው ጁሪ በሚመረጥበት ጊዜ ይናገራል። ቤት ኪራይ መክፈል የማይችል ሰው ችግሩን ማስረዳት ያለበት በዚያ ሰዓት ነው፤ ከተመረጠ በኋላ ይከብዳል። በሰው ፊት ማውራት የሚያሳፍረው ለብቻ ከዳኛው ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ መናገር ይችላል።

ሌሎች ስቴቶች ከዚህ ይለያሉ ብለናል። በኮሎራዶ አሠሪው ለሦስት ቀን የመክፈል ግዴታ ያለበት በቀን እስከ 50 ዶላር ድረስ ነው። በካሊፎርኒያ ስቴቱ ለመጀመሪያው ቀን አይከፍልም፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚታሰበው 15 ዶላር ነው። ፖስታው የመጣው ከፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ራሱ በቀን 50 ዶላር ይከፍላል። የፌዴራሉ ሕግ አሠሪው ደመወዝ እንዲከፍል አያስገድድም፤ ማባረርን ግን ይከለክላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥሪው የስቴት ነው ወይስ የፌዴራል የሚለውን ከፖስታው ላይ ማንበብ ነው።

ግሪን ካርድ ያላቸው ይጠንቀቁ

በጁሪ ላይ የሚቀመጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ነገር ግን በማሳቹሴትስ ዕጣው የሚወጣው ከተሞች በየዓመቱ ከሚያዘጋጁት የነዋሪዎች ዝርዝር ነው። በዚህ ምክንያት ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰውም ጥሪ ይደርሰዋል። ሁለት ነገሮች አደገኛ ናቸው። አንደኛው «አይመለከተኝም» ብሎ መጣል ነው፤ ሳይመልስ የቀረ ሰው እስከ 2,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሁለተኛውና የባሰው፣ መንግሥት እንዳይቀየመኝ ብሎ ወይም ቅጹን ሳያነብ «ዜጋ ነኝ» በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኋላ የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፦ ዜጋ አይደለሁም የሚለውን ሞልቶ መመለስ። ቅጹን ልጅ ወይም ጎረቤት ሲሞላላቸውም ከመፈረማቸው በፊት ያስነብቡት።

ዜጋ የሆነ ግን እንግሊዝኛ መናገርና መስማት የማይችል ሰውም ይህንኑ ገልጾ ይመልሳል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በደንብ ያልሰማ ሰው በሌላ ሰው ዕድል ላይ ቢፈርድ የሚጎዳው ተከሳሹ ነው። (ኒው ሜክሲኮ በምትባለው ስቴት ብቻ እንግሊዝኛ የማይችል ዜጋም በአስተርጓሚ ይቀመጣል፤ ሕገ መንግሥታቸው ስለሚያዝ ነው።) ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አባቶችና እናቶች ምርጫው የራሳቸው ነው፤ ከፈለጉ ያገለግላሉ፣ ካልፈለጉ አልፈልግም ብለው ይመልሳሉ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ያገለገለም አይገደድም።

የታመመ ሰው

ይህ የእኛ ሙያ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በሕመም ምክንያት መቅረት የሚቻለው በሐኪም ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «ስኳር አለበት» ብቻ ካለ አይረዳም፤ ስኳር ያለበት ብዙ ሰው በጁሪ ላይ ይቀመጣልና። ሐኪሙ መጻፍ ያለበት ሕመሙ ምን እንደሚከለክለው ነው፤ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት እንዳለው፣ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደማይችል፣ የመርሳት ችግር እንዳለበት። ቤቱ ውስጥ ዘላቂ የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ብቻውን የሚያስታምም፣ እሱ ከሄደ የታማሚው ጤና አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰውም በተመሳሳይ መንገድ ነፃ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ግን በዚህ ብቻ ነፃ አትሆንም።

ሕመም እያለበት የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ይያዝ፣ በተለይ ኢንሱሊንና መርፌ የሚይዝ ሰው፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። የሚቀመስ ነገርም ይያዝ። መድኃኒት የሚወስድበትን ሰዓት ለፍርድ ቤቱ ሠራተኛ አስቀድሞ ይንገር። ዕረፍት መጠየቅ መብት ነው፤ ዳኛ ፊት ነኝ ብሎ ስኳሩ እስኪወርድ ዝም የሚል ሰው ራሱንም ችሎቱንም ይጎዳል።

ቀኑ ላልተመቸው

ጥሪው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በፖስታ መመለስ ያስፈልጋል። ቀኑ ሠርግ፣ ፈተና፣ ወሊድ ወይም የታክሲ ሥራ የሚደራበት ወቅት ላይ ከዋለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወደሚመች ቀን ማዛወር ይቻላል። ለሚያጠቡ እናቶችም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ከቀኑ በፊት ባለው ምሽት ደግሞ መምጣት ያስፈልግ እንደሆነ ማጣራት ነው፤ ብዙ ጊዜ ችሎቱ ይሰረዝና መሄድ አያስፈልግም።

በመጨረሻ፣ አንዳንድ አጭበርባሪዎች ፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ሠራተኛ መስለው ይደውላሉ። «ጁሪ ቀርተሃል፣ አሁኑኑ ካልከፈልክ ትታሰራለህ» ይሉና በስጦታ ካርድ ወይም በስልክ ገንዘብ ላክ ይላሉ። ፍርድ ቤት በዚህ መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ስልክ የደረሰው ሰው የመታወቂያም ሆነ የባንክ ቁጥር ሳይናገር ይዝጋ፤ ከዚያም ደዋዩ በሰጠው ቁጥር ሳይሆን በጥሪው ወረቀት ላይ በታተመው ቁጥር ደውሎ ይጠይቅ።